የፈረንሳይ ቀይ ወይን ጠጅ በጨርጨር ግርጌ
የመንገድና የማቆያ ስፍራ መለያየት

የአንድ አገር የንግድ ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚቈጠረው ወደ ውጭ የወጣውና ወደ ውስጥ የገባው ዕቃ ብዛት ነው። ዕቃው ከገባ በኋላ የት እንደ ተቀመጠና በመቀመጡም ምን እንደ ሆነ ግን እምብዛም አይመረመርም። እኛ በዚህ አጭር ጥናት የምንመለከተው ይህን ሁለተኛውን ጕዳይ ነው። ለምሳሌነትም የመረጥነው ከጅቡቲ ተነሥቶ በጨርጨር ተራሮች ግርጌ ያለፈውን የፈረንሳይ ቀይ ወይን ጠጅ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስብልን እንለምናለን።

ምርጫችን ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ሊመስለው ይችላል። ጨርጨር፣ ይኸውም ዛሬ ምዕራብ ሐረርጌ የምንለው አገር፣ የታወቀው በቡናው፣ በማሽላውና በጫቱ ነው። ከሕዝቡ የሚበዛው ሙስሊም ስለ ሆነም መጠጥ በሃይማኖቱ ክልክል ነው። ይሁን እንጂ ጥሩ ወይን ጠጅ ከብዙ ሸቀጥ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ ይኸውም ተሠርቶ ካለቀ በኋላም እንደ አቀማመጡ ዋጋው የሚጨምር ወይም የሚጠፋ መሆኑ ነው። ጨው ቢቈይ ያው ጨው ነው፤ ብረትም ቢቈይ ያው ብረት ነው፤ ወይን ጠጅ ግን በጠርሙሱ ውስጥ ሆኖ ይለወጣል። ስለዚህ መንገድ ብቻውን ምን ሊሠራ እንደሚችልና ምን እንደሚያጐድል ለማየት የተመቸ ምሳሌ ይሆናል።

የምንከራከርለት ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው። የምድር ባቡሩ ወይን ጠጁን ያመጣው በቆላ በኩል ነው፤ ወይን ጠጁ በደኅና ሊቈይበት የሚችለው ስፍራ ግን በላይ፣ በተራራው ነበረ። መንገዱና ማቆያው ሳይገናኙ ቀሩ።

1. ጥሩ ወይን ጠጅ የሚቈየው ስለ ምንድን ነው?

በፈረንሳይ አገር በቀይ ወይን ጠጅ እጅግ የታወቁት ሁለቱ ክፍሎች ቦርዶና ቡርጎኝ ናቸው። የቡርጎኝ ቀይ የሚሠራው ፒኖ ኗር ከሚባለው የወይን ዘር ነው። የቦርዶው ግን ካበርኔ ሶቪኞን፣ ሜርሎና ካበርኔ ፍራን ከሚባሉት ዘሮች እየተቀላቀለ ይሠራል። በናፖሌዎን 3ኛ ዘመን፣ በ1855፣ በፓሪስ ለተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የቦርዶ ደላሎች የሜዶክን ቀይ ወይን ጠጆች በአምስት ደረጃ መደቧቸው፤ መለኪያቸውም በገበያ ሲያወጡ የኖሩት ዋጋ ነበረ። አንደኛውን ደረጃ ያገኙት ላፊት፣ ላቱርና ማርጎ፣ ከሜዶክ ውጭም ከግራቭ ወገን ኦ ብሪዮን ነበሩ። ይህ ምደባ እስከ ዛሬ ሲሠራበት ይኖራል፤ ከተደረገበትም ለውጥ ሁሉ የሚታወቀው በ1973 ሙቶን ሮትሽልድ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ደረጃ መውጣቱ ነው።

እንዲህ ያለው ወይን ጠጅ ገና ለጋ ሳለ ለመጠጣት አይመችም። ከወይኑ ልጣጭና ፍሬ የሚወጣው ታኒን የተባለው ነገር፣ እንደ ወፈረ ሻይ፣ ምላስንና ድድን ያኮማትራል። ጠርሙሱ ዓመታት ሲቈይ ግን ታኒኑና ቀለሙ ቀስ በቀስ እየተያያዙ ከታች ይዘቅጣሉ። በዚህ ጊዜ ጣዕሙ ይለሰልሳል፤ መልኩም ከሐምራዊነት ወደ ሸክላ ቀለም ይሄዳል፤ ሽታውም ከትኩስ ፍሬ ሽታ ወደ ደረቅ ቅጠል፣ ወደ ትምባሆና ወደ ለፋ ቆዳ ሽታ ይለወጣል። የታላላቆቹ ወይን ጠጆች ለውጥ ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። ነገር ግን በፈረንሳይ ከሚሠራው ወይን ጠጅ አብዛኛው በጥቂት ዓመት ውስጥ እንዲጠጣ የተሠራ ስለ ሆነ፣ ማናቸውም ወይን ጠጅ ሲያረጅ ይጥማል ማለት ስሕተት ነው።

ለማቆየት የሚያስፈልጉት ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ ሁሉም ግን ግድ ናቸው። አንደኛ፣ ከ12 እስከ 13 ዲግሪ ገደማ የሆነ ቅዝቃዜ፤ ሁለተኛ፣ ከቀን ወደ ሌሊትና ከበጋ ወደ ክረምት ብዙ የማይለዋወጥ አየር፤ ሦስተኛ፣ ጨለማ፤ አራተኛ፣ ቡሹ እንዳይደርቅ መጠነኛ እርጥበት፤ አምስተኛ፣ ጸጥታ፣ ማለት የማይነቃነቅ ቦታ። ጠርሙሱም በጐኑ ይጋደማል፤ ወይን ጠጁ ቡሹን ሲያረጥበው ቡሹ እንዳበጠ ይኖራልና አየር አያስገባም። ፈረንሳዮች ለዚህ ሁሉ የሚበጅ ምድር ቤት ይቈፍራሉ፤ ስሙንም ካቭ ይሉታል።

አቀማመሱም በሦስት ክፍል ይከፈላል። በመጀመሪያ ዐይን መልኩንና ጥራቱን ያያል፤ ቀጥሎ አፍንጫ ሽታውን ይለያል፤ በመጨረሻም አፍ ኮምጣጣነቱን፣ ታኒኑንና ከተዋጠ በኋላ የሚቀረውን ጣዕም ይመዝናል። አሮጌ ጠርሙስ ከሆነ አስቀድሞ አንድ ቀን ያህል ይቆምና ዝቃጩ ከታች ሲሰበሰብ ጠጁ ብቻ በቀስታ ወደ ሌላ ዕቃ ይንቆረቆራል። እንግዲህ ቀማሽ የሚመረምረው የጠማቂውን ሥራ ብቻ አይደለም፤ የአስቀማጩንም ሥራ ነው።

2. ወይን ጠጁ የመጣበት መንገድ

ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር እንዲሠራ የፈቀዱት በ1894 ነው። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ። የመጀመሪያው ኩባንያ በገንዘብ እጦት ከወደቀ በኋላ በ1908 የፈረንሳይና የኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኩባንያ ተተካና ሐዲዱ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ጠቅላላው ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ነበር። በዚያው በ1908 የተደረገው የክሎቡኮውስኪ ውል ደግሞ ከፈረንሳይ በሚመጣ ዕቃ ላይ የሚጣለው ቀረጥ ከመቶ 10 እንዳይበልጥ ወሰነ። ስለዚህ የፈረንሳይ ጠርሙስ ሐዲዱም ውሉም ተመቻችቶለት ነበር ለማለት ይቻላል።

መንገዱን ከወይን ጠጁ ጠባይ ጋር ብናስተያየው ግን ሌላ ነገር እናያለን። ከማርሴይ በመርከብ የተጫነው ጠርሙስ በስዊዝ ቦይ አልፎ ቀይ ባሕርን ያቋርጣል፤ ከዚያም በጅቡቲ ይወርዳል። በጅቡቲ በበጋ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ከዚያ በኋላ በጠባቡ ሐዲድ ላይ እየተንገጫገጨ በኤረር፣ በአፍደም፣ በሚኤሶና በአሰቦት በኩል አዋሽ ይደርሳል። ሙቀት በጠርሙስ ውስጥ ያለውን ወይን ጠጅ ያሰፋዋል፤ ቡሹን ይገፋዋል፤ ጠጁ ሲቀዘቅዝም በቡሹ ዳር አየር ሊገባ ይችላል። እንዲህ የሆነ ወይን ጠጅ ዐሥር ዓመት የሚፈጀውን እርጅና በጥቂት ወራት ያረጃል፤ ያረጃል እንጂ አይበስልም። የፍሬ ሽታው ጠፍቶ የተቀቀለ ነገር ይሸታል፤ በመጨረሻም ወደ ኮምጣጤነት ያዘነብላል።

3. የቆላው ጣቢያ

በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበርና ከጅቡቲ የተነሡ መንገደኞች አንድ ሌሊት በድሬዳዋ፣ አንድ ሌሊት በአዋሽ አድረው በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገቡ ነበር። በ1930 ለንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ መጫን በዓል የመጡት እንግዶች፣ ከነሱም መካከል የፈረንሳይ መንግሥት መልእክተኛ ማርሻል ፍራንሼ ዴስፔሬ፣ የመጡት በዚሁ ሐዲድ ነው። በአዋሽ ጣቢያ የነበረው ቡፌ ለመንገደኛ ማደሪያም መመገቢያም ነበር። የወይን ጠጁ ጠጪዎችም የባቡር ሹማምንት፣ የፈረንሳይ፣ የግሪክና የአርመን ነጋዴዎች፣ እንዲሁም መንገደኞች ነበሩ። ከነዚህ የሚበዙት የሚገኙት በሐዲዱ ዳር ነው።

ሐዲዱ ያለበትን ከፍታ እንመልከት። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሚኤሶ 1,300 ሜትር ገደማ፣ አዋሽ ደግሞ ከ1,000 ሜትር በታች ነው። ይህ ሁሉ ቆላ ነው። ጥልቅ ምድር ቤት በሚቈፈርበት ጊዜ በውስጡ የሚገኘው ሙቀት ወደ አገሩ የዓመት አማካይ ሙቀት ይጠጋል። በቆላ ግን አማካዩ ራሱ ከፍተኛ ስለ ሆነ ቁፋሮው ብዙ አይረዳም።

በዚህ ላይ የአውሮፓ ሰዎች ይዘውት የመጡት አንድ ደንብ አለ፤ ይኸውም ቀይ ወይን ጠጅ በቤት ሙቀት ይጠጣል የሚለው ነው። ደንቡ የወጣው እሳት በሚነድበት በፈረንሳይ ብርዳም ቤት ነው፤ እዚያ የቤት ሙቀት ማለት 16 ወይም 18 ዲግሪ ነበር። በአዋሽ ከቀትር በኋላ የቤት ሙቀት ሌላ ነገር ነው። ቃሉ ሳይለወጥ አገሩ ቢለወጥ ትርጕሙ እንደሚጠፋ ይህ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል።

የቋንቋ ምስክርም አለን። ከዚህ ሐዲድ ጋር ብዙ የፈረንሳይ ቃላት ወደ አማርኛ ገብተዋል። የአዲስ አበባው ለገሃር የፈረንሳይኛው የጣቢያ መጠሪያ ነው፤ ቡፌም እንደዚሁ። ካቭ የሚለው ቃል ግን ከነዚህ ጋር አልገባም። ቃል ከሥራ ጋር ይመጣል፤ ሥራው ሳይተከል ሲቀር ቃሉም ከጣቢያው አያልፍም።

4. ወይና ደጋው

ከሚኤሶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዳገቱን ሲወጡ የሚገኘው አሰበ ተፈሪ፣ የዛሬው ጭሮ፣ በ1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከተማውን በ1920ዎቹ በፕላን የቈረቈሩት በሩሲያ የተማሩትና በኋላ የ1931ን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ የጨርጨር ገዥ ሳሉ ነው፤ ስሙም በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ስም የተሰየመ ነው። ጨርጨር በዚያን ጊዜ ለሌላው አገር አርአያ እንዲሆን የታሰበ ግዛት ነበር። ከተማው ከሐዲዱ ሩቅ አይደለም፤ ነገር ግን የአየሩ ጠባይ ሌላ ነው።

አባቶቻችን አገርን በከፍታ ሲከፍሉ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ብለዋል። መካከለኛውን ሲሰይሙ የወይንን ስም መርጠዋል፤ ወይን የሚበቅልበት ደጋ ማለት ነው። አሰበ ተፈሪ፣ ሂርና፣ በደሳና ገለምሶ የሚገኙት በዚህ ክፍል ነው። ስለዚህ የወይን ጠጁ ባቡር በቆላው ሲያልፍ፣ በስሙ የተጠራው አገር ከበላዩ ተቀምጦ ይመለከተው ነበር ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

እርግጥ ነው፣ አሰበ ተፈሪ ራሱ የቦርዶን ምድር ቤት ሙሉ በሙሉ አይተካም። በየ100 ሜትሩ ከፍታ ሙቀት ከግማሽ ዲግሪ ጥቂት በለጥ እያለ ስለሚቀንስ፣ ከሚኤሶ ጋር ያለው ልዩነት ሦስት ዲግሪ ገደማ ነው። ነገር ግን ከዚያ ከፍ ብለው በቁኒ ወገን ያሉት ተራሮች ከ2,000 ሜትር በላይ ይሄዳሉ፤ በነዚህ በአንዱ ጥግ የተቈፈረ የድንጋይ ምድር ቤት ወደ ተፈለገው ቅዝቃዜ እጅግ በቀረበ ነበር። ከሙቀቱም መጠን በላይ የሚፈለገው አለመለዋወጡ ነው፤ ይህንም ወፍራም ግንብና ጥልቅ ቁፋሮ ይሰጣል። እንግዲህ የጐደለው ተፈጥሮ አልነበረም። በላይ ያለው ሕዝብ ወይን ጠጁን አይፈልገውም፤ በታች ያለው ጠጪ ደግሞ መንገደኛ ነውና ለሃያ ዓመት የሚሆን ምድር ቤት አይቈፍርም። ለነገ የሚነሣ ሰው ለሃያ ዓመት አያስቀምጥም።

5. ከጠጅ ቤታችን ጋር ማነጻጸር

ከዚህ ተነሥቶ መጠጥን መቅመስና ማስቀመጥ በአገራችን የማይታወቅ ጥበብ ነበር የሚል ካለ ይሳሳታል። ጠጅ ጣይ ጋኑን በግራዋ ታጥባለች፤ በወይራ ጢስም ታጥናለች። የፈረንሳይ በርሜል ሠሪም የኦክ እንጨቱን በውስጥ በኩል በእሳት ይለበልበዋል። ሁለቱም ዕቃው ለመጠጡ ሽታ እንደሚሰጥ ያውቃሉ።

በመቅመስም በኩል ልማድ አለን። በመኳንንት ቤት አሳላፊው ጠጁን ለጌታው ከማቅረቡ አስቀድሞ ጥቂት በመዳፉ አፍስሶ ይጠጣ ነበር። በፈረንሳይ ገበታም ጋባዡ ለእንግዶቹ ከመቀዳቱ በፊት አንድ ጕንጭ ይቀምሳል። መልኩ ይመሳሰላል፤ ምክንያቱ ግን ይለያያል። አሳላፊያችን የሚቀምሰው መርዝ አለመኖሩን ለማረጋገጥ ነው፤ ስለዚህ የሚመሰክረው ስለ ሰው ታማኝነት ነው። ፈረንሳዊው የሚቀምሰው ቡሹ ጠጁን አለማበላሸቱን ለማወቅ ነው፤ ስለዚህ የሚመሰክረው ስለ አቀማመጥ ነው።

ልዩነቱ የመጣው ከመጠጡ ጠባይ ይመስለናል። ጠጅ በሣምንታት ወይም በወራት ውስጥ የሚጠጣ ነው፤ በተጠጣም ጊዜ ጣዩዋ በቅርብ አለች፤ ጕድለት ቢገኝ የምትጠየቀው እርሷ ናት። ሃያ ዓመት የቈየ ጠርሙስ ግን የሠራው ሰው ሊሞት፣ ጠርሙሱም በብዙ እጅ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ጽሑፍ ያስፈልገዋል፤ በላዩ የተለጠፈው ወረቀት የቦታውን ስምና የተለቀመበትን ዓመት ይናገራል። ፈረንሳይ በ1935 ባወጣችው ሕግ የቦታ ስም አጠራር በመንግሥት እንዲጠበቅ አድርጋለች። ማስቀመጥ፣ መቅመስና የቦታን ስም መጠበቅ እንግዲህ አንዱ ያለ ሌላው የማይቆም ሥራ ነው።

6. ይህ ታሪክ ለጨርጨር ምን ያስተምራል?

ወይን ጠጁን ያመጣው ባቡር ሲመለስ ከጫነው ዕቃ አንዱ ቡና ነበር። ከጨርጨር ደጋ የወረደው ቡና በሚኤሶና በድሬዳዋ በኩል ወጥቶ በዓለም ገበያ የተጠራው ሐረር በሚል ስም፣ አንዳንድ ጊዜም በየመኑ ወደብ በሞካ ስም ነው። ወደ ላይ የሚመጣው ጠርሙስ የትውልድ መንደሩን ስም በደረቱ ለጥፎ ሲጓዝ፣ ወደ ታች የሚወርደው ጆንያ የጨርጨርን ስም በመንገድ ላይ ይጥል ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2005 ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ፤ በ2007ም ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ተስማማ። ይህ ታላቅ እርምጃ ነው፤ ነገር ግን ከሦስቱ ስሞች መካከል ጨርጨር የለም።

ከዚህም የበለጠ የሚያስገርም ነገር አለ። የሐረርጌ ቡና ከነልጣጩ በፀሓይ የሚደርቅ ጀንፈል በመሆኑ፣ የውጭ አገር ቡና ቀማሾች ጣዕሙን ሲገልጹት ብዙ ጊዜ ወይን ጠጅ ወይን ጠጅ ይላል ይላሉ። ቀማሽ ቡናን የሚመረምረው ከላይ ባየነው ሥርዓት ዐይነት ነው፤ ያሸታል፣ ይቀምሳል፣ የሚቀረውን ጣዕም ይመዝናል። ጀንፈሉ በእርጥብ መሬት ላይ ከተቀመጠ ይሻግታል፤ በሙቅ መጋዘን ብዙ ከቈየ ሽታው ይጠፋል። ጠርሙሱን በአዋሽ ያበላሸው ሙቀት ቡናውንም አይምረውም።

የወይን ተክል ነገር ራሱ በአገራችን አዲስ መልክ ይዟል። ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በዝዋይ፣ የዛሬዪቱ ባቱ፣ የሜርሎ፣ የሲራና የካበርኔ ሶቪኞን ተክል ተክሎ በ2014 ሪፍት ቫሊና አካሺያ የሚባሉትን ወይን ጠጆች ለገበያ አውጥቷል። የቦርዶ ዘር ቀይ ባሕርን ሳያቋርጥ በዚሁ አገር አፈር ፍሬ ሰጠ ማለት ነው። አዲሱ የጅቡቲ ሐዲድም በ2016 ተመርቆ እንደ ቀድሞው በሚኤሶ ያልፋል። መንገዱ ዛሬም በቆላ ነው።

ለጨርጨር ከተሞች የምናሳስበው የወይን ጠጅ መጠጣትን አይደለም፤ ይህ የየሰው የሃይማኖትና የፈቃድ ነገር ነው። የምናሳስበው ያ ጠርሙስ በግርጌያቸው ሲያልፍ ይዞት የነበረውን ዕውቀት ነው። ቡናው ወደ ቆላው ጣቢያ ከመውረዱ አስቀድሞ በደጋው፣ በጭሮና በገለምሶ፣ በቀዝቃዛና በደረቅ ጐተራ ቢቈይ፣ በአገሩ ልጆች ቢቀመስ፣ የወረዳው ስምና የተለቀመበት ዓመት ቢጻፍበት፣ በወይን ጠጁ ታሪክ ተለያይተው የቀሩት መንገድና ማቆያ በቡናው ይገናኛሉ። ባቡር ዕቃን ያደርሳል፤ ዕቃውን የሚያከብረው ግን ከባቡሩ በፊትና በኋላ ያለው ቤት ነው።